የላላ ትውውቅ ዋጋ፦ ሊንክድኢንና የኮሎምቢያ ሃይትስ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች

በዋሽንግተን ዲሲ የኮሎምቢያ ሃይትስ የምድር ባቡር ጣቢያ መውጫ ላይ የቆመ ሰው፣ በአንድ በኩል ዲሲ ዩኤስኤ የተሰኘውን ግዙፍ የገበያ ማዕከል፣ በሌላ በኩል በ1924 የተከፈተውን የቲቮሊ ቲያትር ሕንፃ ይመለከታል። ጣቢያው አገልግሎት የጀመረው በ1999፣ የገበያ ማዕከሉ ደግሞ በ2008 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባቡሩና ገበያው ሲመጡ ሠፈሩ ተለወጠ፤ ኪራዩም ናረ። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚያልፈው የጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ በ1978፣ በከተማዋ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ማማ ደስታ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያውያን ንግድ ወደ አዳምስ ሞርጋንና ወደ ዩ ጎዳና፣ ቀጥሎም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮም ወደ አሌክሳንድሪያ ሲዘረጋ ኖሯል። ደንበኛው ኪራይ ሸሽቶ ሲርቅ ሻጩም ይከተለዋል።

ይህ መከተል ግን ወሰን አለው። እንጀራ ጋጋሪው፣ የግብር ሒሳብ ሠራተኛው፣ የመድን ወኪሉና የቤት ደላላው በአብዛኛው የሚሻሙት ያንኑ አንድ ማኅበረሰብ ነው። አንዱ ያዋጣው ሥራ በዓመቱ በሌሎች አምስት ሱቆች ይደገማል። ገበያውን ለማስፋት የሚሻ ነጋዴ ወገኑ ላልሆነ ገዢ፣ ለሕንፃ አስተዳዳሪው፣ ለሆስፒታሉ የግዥ ክፍል ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ መሸጥ ይኖርበታል። እነዚህን ሰዎች ደግሞ በሠርግም ሆነ በማኅበር አያገኛቸውም።

በ1990ዎቹ ለዚህ ማኅበረሰብ ትልቅ መፍትሔ ሆኖ የመጣው የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት በላይና ባለቤታቸው ድምፃዊ ይሁኔ በላይ የሚያሳትሙት ይህ የንግድ ማውጫ፣ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የተበተኑትን ነጋዴዎች በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ በየቤቱ አስገባ። ማውጫው ገዢው ሻጩን እንዲያገኝ ይረዳል፤ ሻጩ ገዢውን እንዲያገኝ ግን አልተሠራም። ሊንክድኢን የተባለው የባለሙያዎች ማኅበራዊ መረብ ያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። በመረቡ ላይ የግዥ ኃላፊው፣ የሕንፃ አስተዳዳሪውና የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ስማቸውን፣ ማዕረጋቸውንና የሚሠሩበትን ድርጅት ራሳቸው ጽፈው ተቀምጠዋል። ማውጫው ተገለበጠ ማለት ነው።

ሊንክድኢን በ2002 መጨረሻ ተመሥርቶ በግንቦት 2003 ለሕዝብ ተከፈተ። ማይክሮሶፍት በ2016 በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው፣ የገዛው ድረ ገጹን ብቻ ሳይሆን ማን ማንን እንደሚያውቅ የሚያሳየውን ግዙፍ ካርታ ጭምር ነበር። ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን በላይ አባላት አሉት። መረቡ እያንዳንዱን ሰው በርቀት ይመድበዋል፦ በቀጥታ የሚተዋወቁ በመጀመሪያ ደረጃ፣ የጋራ ትውውቅ ያላቸው በሁለተኛ፣ ከዚያ የሚርቁት በሦስተኛ። ለሻጭ ትርጉም ያለው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ሊንክድኢን ከመወለዱ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል።

የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር በቦስተን አቅራቢያ በምትገኘው ኒውተን ከተማ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን፣ ስለ ሥራው የነገራቸው ማን እንደሆነ ጠየቀ። በሰው አማካይነት ሥራ ካገኙት መካከል፣ መረጃውን የሰጣቸውን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ ያገኙት ከነበረ ሰው ነው የሰሙት። አንዳንዶቹ፣ ወሬውን የነገራቸው ጓደኛቸው እንደሆነ ሲጠየቁ «ጓደኛ እንኳ አይደለም፤ የማውቀው ሰው ነው» እያሉ ያርሙት ነበር። ግራኖቬተር ሐሳቡን ጽፎ ያቀረበለት የመጀመሪያው መጽሔት በ1969 አልቀበልም ብሎ መለሰው። በ1973 በሌላ መጽሔት ሲታተም ግን በዘርፉ እጅግ ከተጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። ሁለት መቶ ሰው የሚያውቅ ነጋዴ፣ እያንዳንዱ ወዳጁ ደግሞ ሌሎች ሁለት መቶ ሰዎች ቢያውቅ፣ በአንድ ሰው አማካይነት የሚደርስባቸው ሰዎች በወረቀት ላይ 40,000 ይሆናሉ። ነገር ግን የአንድ ዕቁብ፣ የአንድ ደብርና የአንድ ሠፈር ሰዎች የሚያውቁት እርስ በርሳቸው ስለሆነ፣ ያ ቁጥር ሲጣራ ያው አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የተቆጠረበት ሆኖ ይገኛል። አንዱ የሰማውን ሁሉም ሰምቶታል። አዲስ ወሬ የሚመጣው በሌላ ክበብ ውስጥ ከሚኖር፣ በወር አንድ ጊዜ ሰላምታ ከምንለዋወጠው ሰው ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል ለኀዘንና ለደስታ እውነት ነው፤ ለገበያ መረጃ ግን ተገላቢጦሹ ይሠራል።

ግራኖቬተር ጥቂት ሰዎችን ጠይቆ የደረሰበትን ሐሳብ በሰፊው የፈተነው ራሱ ሊንክድኢን ነው። በመስከረም 2022 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመው ጥናት፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በአምስት ዓመት ውስጥ ተከታትሏል። «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» እያለ ስም የሚያቀርበው አልጎሪዝም ለአንዳንዱ የቅርቡን፣ ለሌላው የሩቁን ሰው አብዝቶ እንዲያሳይ ተደረገ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ቢሊዮን አዳዲስ ትስስሮችና 600,000 አዳዲስ ቅጥሮች ተመዘገቡ። ውጤቱ ግራኖቬተርን ደገፈው፤ ሆኖም አንድ ማረሚያ ጨመረበት። ይበልጥ የጠቀመው ፍጹም እንግዳ የሆነው ሰው ሳይሆን፣ በመጠኑ የላላው፣ ጥቂት የጋራ ትውውቅ ያለበት ትስስር ነበር። በጣም የጠበቀው ወዳጅነት ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ጠቀመ።

ለሃያ ሚሊዮን ሰዎች ሳይነገራቸው በሥራ ዕድላቸው ላይ ሙከራ መካሄዱ በወቅቱ ብርቱ ትችት አስነሥቷል። ኩባንያው ተጠቃሚዎች በተስማሙበት የአገልግሎት ውል መሠረት እንደሠራ ቢገልጽም፣ ያን ረጅም ውል አንብቦ የሚፈርም ሰው ምን ያህል እንደሆነ ማንም ይገምታል።

ጥናቱ የተመለከተው ቅጥርን እንጂ ሽያጭን አይደለም። ከዚህም ሌላ አንድ ግኝት ለኮሎምቢያ ሃይትስ ነጋዴ ማስጠንቀቂያ ይዟል፦ የላላው ትስስር ይበልጥ የሠራው ዲጂታል በሆኑ ዘርፎች ሲሆን፣ ዲጂታል ባልሆኑት የጠበቀው ትስስር የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ሶፍትዌር የሚያለማ ወጣትና ቢሮ የሚያጸዳ ድርጅት በአንድ መንገድ አይሄዱም ማለት ነው። ወደ ንግድ ይበልጥ የሚቀርበው በ1996 የታተመው የብራያን ኡዚ ጥናት ነው። ኡዚ የኒው ዮርክን የልብስ ስፌት ድርጅቶች ሲያጠና፣ ከቅርብ ሸሪኮቻቸው ጋር ብቻ የሚሠሩትም፣ ከማያውቁት ጋር ብቻ የሚገበያዩትም ለመክሰር የቀረቡ ሆነው አገኛቸው። የሰነበቱት ሁለቱን የቀላቀሉት ነበሩ። ያለ መተማመን ሥራ አይሰጥም፤ በመተማመን ክበብ ብቻ የታጠረ ደግሞ ክበቡ ሲደኸይ አብሮ ይደኸያል።

ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዕቁብ ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፤ መርካቶም ያለ ደላላ አልኖረም። ደላላው የሚከፈለው ሁለት የማይተዋወቁ ክበቦችን ስለሚያውቅ ነው፤ ዋሱ ደግሞ የራሱን ስም ለሌላው ስለሚያበድር። በሊንክድኢን በሁለተኛው ደረጃ ላይ የሚቆመው የጋራ ትውውቅ ደላላነትንም ዋስነትንም በአንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። ስሙን ማየት ግን ደላላነቱን ብቻ ነው የሚያስገኘው፤ ዋስነቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ14ኛው ጎዳና ትንሽ ቢሮ ያላት፣ የሕንፃ ጽዳት ድርጅት የምትመራ አንዲት ሴት ለምሳሌ ትወሰድ። በገጿ አናት ላይ «ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ» ብላ ብትጽፍ ለገዢው ምንም አልነገረችውም፤ «በዋሽንግተን መካከለኛ የቢሮ ሕንፃዎች የሌሊት ጽዳት» ብትል ግን ማንን እንደምታገለግል ታወቀ። ቀጥላ በመፈለጊያው የሕንፃ አስተዳዳሪዎችን በከተማና በማዕረግ ለይታ ታወጣለች፤ ከመቶው ውስጥ የጋራ ትውውቅ ያላቸውን ሃያ ትመርጣለች። ያ የጋራ ሰው ከአምስት ዓመት በፊት አብራት ኮርስ የወሰደች፣ ዛሬ በሌላ ድርጅት ሒሳብ የምትሠራ ሴት ልትሆን ትችላለች። ለእርሷ የሚጻፈው መልእክት አጭር ነው፦ ሰውየውን በእርግጥ ታውቂዋለሽ ወይ፣ የምታውቂው ከሆነስ ታስተዋውቂኝ ዘንድ ይመችሻል ወይ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለታይታ አይደለም፤ በመረቡ ላይ «ትውውቅ» ተብሎ ከተመዘገበው ውስጥ ብዙው በስብሰባ ላይ የተለዋወጡት ካርድ ነው።

መረቡ የማያሳየው ድልድይም አለ። በዋሽንግተን መሀል ከተማ በቢሮ ሕንፃዎች ሥር ባሉት የመኪና ማቆሚያዎች ለዓመታት ኢትዮጵያውያን በብዛት ሠርተዋል። የማቆሚያው ተቆጣጣሪ የሕንፃውን አስተዳዳሪ በየማለዳው ሰላም ይላል፤ የጽዳት ውሉ መቼ እንደሚያልቅና ተከራዮች በምን እንደሚያማርሩም ይሰማል። እርሱ በሊንክድኢን ላይ ገጽ ላይኖረው ይችላል፤ ሆኖም ከማንኛውም አልጎሪዝም የተሻለ ዋስ ነው። ብልህ ሻጭ የአስተዳዳሪውን ስም ከመረቡ፣ መግቢያውን ከተቆጣጣሪው ታገኛለች።

ለገዢው የሚላከው የመጀመሪያ መልእክት ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። ትውውቁ ተቀባይነት ባገኘ በደቂቃው የዋጋ ዝርዝር የሚልክ ሰው፣ ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ ገንዘብ እንደሚጠይቅ እንግዳ ይቆጠራል። መልእክቶችን በጅምላ የሚበትኑ አውቶማቲክ ፕሮግራሞችም አሉ። ሊንክድኢን ይከለክላቸዋል፤ የተጠቀመባቸውም ሰው ገጹ ሊታገድበት ይችላል። የሚሠራው የገዢውን ችግር የሚነካ አንድ ጥያቄ፣ ከዚያም ትዕግሥት ነው።

በዚህ ከተማ ትልቁ ገዢ መንግሥት መሆኑ ጉዳዩን ያጠነክረዋል። የፌዴራሉ መንግሥት ከዋና ኮንትራቶቹ ወጪ 23 በመቶው ለአነስተኛ ድርጅቶች እንዲደርስ ግብ ይዟል። የዲሲ አስተዳደርም መሥሪያ ቤቶቹ ለግዥ ከሚውለው በጀታቸው ግማሹን በከተማዋ ለተመሰከረላቸው አነስተኛ ድርጅቶች እንዲያውሉ በሕግ ያዝዛል፤ በጨረታም ቅድሚያ የሚሰጥ ነጥብ አለ። የፌዴራል ኮንትራትን ማን በስንት እንዳሸነፈ ዩኤስኤስፔንዲንግ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። እዚያ የአሸናፊውን ትልቅ ኩባንያ ስም ያገኘ ነጋዴ፣ በሊንክድኢን ደግሞ በኩባንያው ውስጥ ከአነስተኛ ድርጅቶች ጋር እንዲሠራ የተመደበውን ኃላፊ መፈለግ ይችላል። ብዙ ትልልቅ ተቋራጮች እንዲህ ያለ ሰው አላቸው፤ ሥራውም የንዑስ ኮንትራት ሠራተኛ መፈለግ ስለሆነ የሚላክለትን መልእክት እንደ ልመና አይቆጥረውም።

የጊዜ ነገርም አለ። የፌዴራሉ የበጀት ዓመት የሚዘጋው መስከረም 30 ቀን ነው። በ2017 የታተመ የጄፍሪ ሊብማንና የኔል ማሆኒ ጥናት፣ በዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት የሚፈጸመው ግዥ ከሌሎቹ ሳምንታት አማካይ 4.9 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ሳምንት መስቀል የሚውልበት ነው። ደመራው ሲለኮስ መጻጻፍ የጀመረ ነጋዴ ዘግይቷል፤ በዚያ ሳምንት ስልኩ የሚጮኸው በፋሲካ ሰሞን ለግዥ ኃላፊው ራሱን ያስተዋወቀው ነው።