የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ በሩ ሲዘጋ

ጧት በመሥሪያ ቤቱ ያለ ችግር የከፈተውን የኢሜይል ሣጥን ማታ በቤቱ ሆኖ ለመክፈት የሚሞክር ሰው፣ ሰርቨሩ «ማንነትዎን ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ሲመልሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው የገዛ ጣቱን ነው፤ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ይጽፋል፤ አልሆን ሲለው ያስለውጠዋል፤ በአዲሱም ቃል ያው መልስ ሲገጥመው በሰርቨሩ ባለሙያ ላይ ምሬቱን ያሰማል። ሆኖም እንዲህ ካለው አቤቱታ አንዳንዱ ሲመረመር፣ ነገሩ ሰውዬው ከያዘው ቃል ሳይሆን ከቆመበት ሥፍራ የመጣ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም በስሙ አንጻር «ከእነዚህ አድራሻዎች በቀር ከሌላ አይግባ» የሚል ሕግ ተጽፎበት ነው።

ፊንላንዳዊው ቲሞ ሲራይነን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው፣ ዛሬም በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ደብዳቤ የማስነበቡን አገልግሎት የሚፈጽመው ዶቭኮት የተባለው ፕሮግራም፣ ስለ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሁለት ዐይነት መዝገብ ይመለከታል፤ አንደኛው የይለፍ ቃሉን የሚመሰክር፣ ሁለተኛው ደብዳቤው የሚቀመጥበትን ማኅደር የሚያመለክት ነው። አላው-ኔትስ የሚባለው የሥፍራ ሕግ ቦታው በመጀመሪያው መዝገብ ሲሆን፣ በዚያ 192.168.10.0/24 ተብሎ ቢጻፍ በክልሉ ያሉት 256 አድራሻዎች ይፈቀዳሉ፤ የቀረው ሁሉ ይከለከላል።

ሰርቨሩ የክልከላውን እውነተኛ ምክንያት ለምን ይሰውራል የሚል ቢኖር፣ «ቃልህ ትክክል ነው፣ ሥፍራህ ግን አልተፈቀደም» ብሎ መመለስ፣ ቃሉን በግምት ለሚፈልግ ሌባ ግምቱ መስመሩን ማብሠር ይሆናል። ስለዚህም ምክንያቱ ለእንግዳው ኅቡእ ሆኖ፣ ለባለሙያው ግን በሎጉ ውስጥ ገሃድ ሆኖ ይጻፋል። የማረጋገጫውን ዝርዝር ምዝገባ ከፍቶ ሎጉን የሚያነብ ሰው መፈለግ የሚገባው የተጠቃሚውን ስም ብቻ አይደለም፤ ሰርቨሩ ግንኙነቱ ከየት እንደ መጣ አድርጎ እንዳየው የሚገልጸውን አድራሻ ነው።

ይህም አድራሻ ብዙ ጊዜ ከተጠበቀው የተለየ ነው። የቤት ኢንተርኔት አድራሻ ያለ ማስጠንቀቂያ ይለወጣል፤ ስልኩ በአይፒቪ6 ሲመጣ ሕጉ የሚያውቀው አይፒቪ4ን ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው የዌብሜይል ጉዳይ ነው፤ ዌብሜይሉ በዚያው ሰርቨር ላይ ሲሠራ፣ ተጠቃሚው ከየትም ይምጣ ከየት፣ ለዶቭኮት የሚታየው 127.0.0.1 ነው። ይህን አይቶ ያንን አድራሻ በሕጉ ላይ የሚጨምር ባለሙያ አቤቱታውን ዝም ያሰኛል እንጂ፣ በዌብሜይል በኩል የሥፍራውን ገደብ ከነጭራሹ አንሥቶታል። ትክክለኛው መንገድ ዌብሜይሉን ከታመኑ ኔትወርኮች አስቆጥሮ፣ የእውነተኛውን ተጠቃሚ አድራሻ አይማፕ በተባለው የደብዳቤ ማንበቢያ ፕሮቶኮል የመታወቂያ ትእዛዝ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ነው።

ደብዳቤ የመላኩንና የመቀበሉን ሥራ የሚፈጽመው ፖስትፊክስ የተባለው ፕሮግራም የላኪውን ማንነት ዶቭኮትን እየጠየቀ የሚያረጋግጥ እንደ ሆነ፣ ሕጉ በ587 ቁጥር ወደብ በኩል የሚላከውንም ደብዳቤ ይገዛል፤ ከውጭ በ25 ቁጥር የሚመጣው ግን ያለ ከልካይ ወደ ሣጥኑ ይገባል።

ባለሙያውም ራሱ የሚታለልበት አለ። ዶቭአድም በተባለው መሣሪያ የመግቢያ ሙከራ ሲያደርግ፣ ጠያቂው ከየት እንደ መጣ የሚያስመስል አድራሻ አብሮ ካልሰጠ፣ ዶቭኮት አድራሻውን ስለማያውቅ ሕግ የተጻፈበትን ተጠቃሚ ይከለክላል፤ «አካባቢያዊ» የሚለው ፈቃድ በሕጉ ላይ ካልተጨመረ በቀር። የማረጋገጫው ጊዜያዊ ማከማቻ በሥራ ላይ ከሆነ ደግሞ፣ ሕጉ ተለውጦም አሮጌው ለጥቂት ጊዜ ሊነግሥ ይችላልና ማከማቻውን ማጽዳት ያስፈልጋል።

እስካሁን የተነገረው የሚገባው ሰው ስለ መከልከሉ ነው፤ ተቃራኒው ግን እጅግ አደገኛ ነው። ሕጉ በስሕተት በሁለተኛው መዝገብ፣ ማለት በማኅደሩ ጥያቄ ውስጥ ቢጻፍ፣ ዶቭኮት ያለ አንዳች ቅሬታ አልፎት ይሄዳል፤ ሁሉም ከየትም ይገባል፤ ሁሉም ስለሚገባ የሚያማርር ሰው የለም፤ ሎጉም ስለ ክልከላ የሚናገረው የለውም። ስለዚህ አዲስ ሕግ በተጻፈ ቁጥር ከተፈቀደው አድራሻ ብቻ ሳይሆን ካልተፈቀደውም መሞከር ይገባል፤ ያም ሙከራ መክሸፍ አለበት።