ማታ ደህና የነበረው ስኳር ጠዋት ለምን ከፍ ይላል?



የዛሬው ጽሁፍ ዓይነት 1 ስኳር ላለባችሁና በየቀኑ ኢንሱሊን ለምትወጉ ነው። በተለይ በሸዋ ሮቢት፣ በሰንበቴ፣ በአጣዬና በሌላውም የይፋት ቆላ ለምትኖሩ፣ ወይም እዚያ ኢንሱሊን የሚወጋ ቤተሰብ ላላችሁ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይሄን ነው፦ "ዶክተር፣ ማታ ስተኛ 140 ነበር። ምንም ሳልበላ ጠዋት 270 ሆኖ አገኘሁት። የማታውን መርፌ ልጨምር?"

አጭሩ መልስ፦ ገና አትጨምሩ! መጀመሪያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ለኩ። የጠዋቱ ቁጥር ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አይነግራችሁም። ሌሊት ስኳሩ ወርዶ የነበረ ሰው መርፌ ቢጨምር፣ እንደተኛ ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።

👉 ሌሊት ምን ይፈጠራል?

1. የንጋት ሆርሞኖች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ሰውነታችን ለመንቃት ሲዘጋጅ፣ እንደ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ያሉ ሆርሞኖች ይጨምራሉ። ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ይሄ ሁላችንም ላይ አለ። ቆሽቱ የሚሠራ ሰው ግን ወዲያው ኢንሱሊን አመንጭቶ ያስተካክለዋል፤ ዓይነት 1 ያለበት ሰው ያለው የወጋው ብቻ ነው።

2. የማታው መርፌ መዳከም። ደፍረስ የሚለው ኢንሱሊን (ኤን ፒ ኤች) በጣም የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከወጋችሁ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይበረታል ማለት ነው። ተኝታችሁ ምንም በማትበሉበት ሰዓት በርትቶ፣ ሆርሞኖቹ በሚበዙበት ንጋት ላይ ይደክማል።

3. ሌሊት ወርዶ መነሳት። ስኳር በጣም ሲወርድ ሰውነት ራሱን ለማዳን ስኳር ይለቃል። ሶሞጂ የተባለ ተመራማሪ ይህን ያስተዋወቀው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ስኳርን ሌሊቱን ሙሉ በሚከታተሉ መሣሪያዎች የተሠሩ ጥናቶች ግን ነገሩ ይታሰብ እንደነበረው ብዙ ጊዜ እንደማያጋጥም አሳይተዋል። ቢሆንም የሌሊቱ መውረድ ራሱ አደገኛ ስለሆነ ሳይለኩ መገመት አይቻልም።

4. እራትና የምሽት ልማድ። ዘግይቶ መብላት ወይም ከመኝታ በፊት ስኳር የበዛበት ሻይ ጠዋት ድረስ ይሸኛችኋል። ጫት ላይ የሚያመሹ ሰዎች ደግሞ በሁለቱም በኩል ይጎዳሉ፦ በለስላሳው ስኳሩ ይወጣል፣ የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ እራት ከታለፈ ደግሞ ሌሊት ይወርዳል።

👉 ቆላው ምን ይጨምራል?

ላብ። ሌሊት ማላብ የስኳር መውረድ ዋና ምልክት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት ያላበው ሰው "ምን ሆንኩ?" ይላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን "ሙቀቱ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ላብ ብቻ አትዩ፦ ቅዠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ መምታት፣ ጠዋት ራስ ምታት ካለ ለኩ። ሙቀት ኢንሱሊኑ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባም ያደርጋል። ቀን ማሳ ላይ ሲደክም የዋለ ሰውም ስኳሩ ሌሊት ሊወርድ ይችላል።

የኢንሱሊን አቀማመጥ። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ (ከ2 እስከ 8 ዲግሪ) ይቀመጥ፤ በረዶ ቤት ግን በፍጹም! የተከፈተውን ቀን ጻፉበትና በ4 ሳምንት ጨርሱት። ፍሪጅ ከሌላችሁ አትደንግጡ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ እንዳለው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት 4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ጉልበቱን አላጣም። ከዚያ በላይ እንዳይሞቅ በሸክላ ዘዴ ጠብቁት፦ ትንሹን የሸክላ ዕቃ ትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መሃሉን በአሸዋ ሙሉና አርጥቡት፣ ብልቃጡን በደረቅ ዕቃ ከድናችሁ ውስጥ አኑሩት፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ጣሉበት፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ይሁን። ስትጓዙ መኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። ደፍራሹ ሲገላበጥ እኩል ካልተዋሃደ፣ ወይም ጥሩው (ንጹሑ) ከደፈረሰ ጣሉት።

የማንጎ እጅ። ማንጎ ወይም ፓፓያ የነካ ጣት ሳይታጠብ ከተለካ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። በውሃና በሳሙና ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ለኩ።

👉 እንዴት እንለካ?

ስትሪፕ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በየቀኑ ሳይሆን ለ3 ሌሊት ብቻ፣ በየሌሊቱ 3 ጊዜ ለኩ፦ ስትተኙ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እና ስትነሱ። 9 ስትሪፕ ይበቃል። ቁጥሩን፣ የበላችሁትንና የወጋችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

✅ ስትተኙም ከፍተኛ ከነበረ፦ ችግሩ የጀመረው ከእራት ነው።
✅ ስትተኙና 9 ሰዓት ላይ ደህና ሆኖ ጠዋት ከወጣ፦ የንጋት ሆርሞን ወይም የመርፌ መዳከም ነው። ሐኪማችሁ ኤን ፒ ኤቹን ከእራት ሰዓት ወደ መኝታ ሰዓት ሊያዞረው ይችላል። የተቀላቀለውን (70/30) ግን በራሳችሁ ወደ መኝታ አታዙሩት፤ ለምግብ የሚሠራ ኢንሱሊን ስላለበት ሳትበሉ ከተኛችሁ ያወርዳችኋል።
✅ 9 ሰዓት ላይ ከ70 በታች ከሆነ፦ የማታው መርፌ በዝቷል ወይም ሰዓቱ አልገጠመም። መጨመር አይደለም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ማማከር ነው።
✅ ሁሌም ከፍተኛ ከሆነ፦ የተበላሸ ኢንሱሊን፣ ኢንፌክሽን፣ አንድ ቦታ ደጋግሞ በመውጋት ያበጠ ቆዳ ወይም ያነሰ መጠን ሊሆን ይችላል።

👉 ከ70 በታች ካገኛችሁ

ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ሲስተካከል እንጀራ ወይም ዳቦ ቅመሱ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታፍሱ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት። አብሯችሁ የሚያድር ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

⚠️ ከ250 በላይ ሆኖ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ ካለ ደም ውስጥ አሲድ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ሆስፒታል! "ምግብ አልበላሁም" ብላችሁ ኢንሱሊን ፈጽሞ አታቋርጡ።

ጾም ከመያዛችሁ በፊትም፣ ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም፣ አስቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ የመርፌው ሰዓትና መጠን መቀየር አለበት።

የ3 ሌሊት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ክትትል ቦታችሁ ሂዱ። ያ ወረቀት ለሐኪማችሁ ከአንድ የጠዋት ቁጥር ይልቅ ብዙ ይነግረዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!