ጠብታው ከየት መጣ?

ሐምሌ ሲገባ በአዲስ አበባዋ ልደታ ሁለት ዓይነት ቤት ያፈሳል። አንደኛው ከመልሶ ማልማት የተረፈው፣ ቆርቆሮው ዘመን የጠገበው የጭቃ ቤት ነው። ሁለተኛው በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በቦታው የቆመው ኮንዶሚኒየም ነው። የመጀመሪያው ቢያፈስ የሚደነቅ የለም። ከፌሮና ከሲሚንቶ የተሠራው ፎቅ ሲያፈስ ግን ሰው ግራ ይጋባል፤ ግራ የገባው ሰው ደግሞ ያየውን ለመድፈን ይቸኩላል። ጣሪያው ላይ ቡናማ ክብ ይታያል፤ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፤ በሚቀጥለው ክረምት ክቡ ሰፍቶ ይመጣል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ፍሳሽ መጠገን በአብዛኛው የመፈለግ ሙያ ነው፤ መድፈኑ የመጨረሻዋ ትንሽ ሥራ ናት። ለጥገና ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው የሚባክነው ቅደም ተከተሉ ስለሚገለበጥ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን ዕቃ ከሩቅ አገር ልጥቀስ። በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ በ1968 እ.ኤ.አ. ቦለር የሚባል፣ በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ለገበያ ቀረበ። አካሉ ከፋይበር ግላስ የተሠሩ ሁለት ቅርፊቶች ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ወገቡ ላይ ይገጥማሉ። ፋይበር ግላስ ጀልባ የሚሠራበት ነገር ስለሆነ ውሃ አያሳልፍም። ያም ሆኖ እንዲህ ያሉ ተጎታች ቤቶች ሲያረጁ ያፈሳሉ። ውሃው የሚገባው ግን በቅርፊቱ አይደለም፤ በመስኮቱ ጎማ፣ በአየር ማስወጫው ዙሪያ፣ መደርደሪያ ለመያዝ ተብሎ አካሉን ወግተው በገቡ ሪቬቶች እና በወገቡ መጋጠሚያ ነው። ከላይ የገባው ጠብታ በቅርፊቱና በውስጠኛው ሽፋን መካከል ተንሸራቶ ራቅ ብሎ አልጋው ሥር ብቅ ይላል። ባለቤቱ አልጋው ሥር ያለውን ቢደፍን ምንም አላደረገም። ስፌት የለውም ማለት ይቻላል የሚባል ቤት እንዲህ ከሆነ፣ መጋጠሚያው የበዛው የእኛ ቤት ፍሳሽ ሲመጣበት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ተቀደደ?» ተብሎ ሳይሆን «ምን ከምን ጋር ይገናኛል?» ተብሎ ነው።

ቆርቆሮን እንይ። ዚንክ የተቀባው ቆርቆሮ በራሱ ለብዙ ዓመት ውሃ ይመልሳል፤ ቀድሞ የሚሸነፈው ሚስማሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮ በእጅ አይነካም። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ይለጠጣል። ስለዚህ 6 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ በንጋትና በቀትር መካከል 40 ዲግሪ ቢለዋወጥ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝምና ተመልሶ ያጥራል። ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። ሚስማሩ በሞራሌው ውስጥ ይነቃነቃል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከሥሩ ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጠንቃቃ አናጢ ሚስማሩን በቆርቆሮው ጀርባ ላይ የሚመታው ለዚህ ነው፤ ውሃው የሚወርደው በሸለቆው ነውና ቀዳዳው ቢሰፋም ወንዙ አያገኘውም። በሸለቆው የተመታ ሚስማር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠላት ነው። ሌላው ስውር መንገድ የቆርቆሮ ድርብርብ ነው። ሁለት ቆርቆሮ እጅግ ተጠጋግተው ሲነባበሩ በመካከላቸው ያለችው ጠባብ ክፍተት ውሃን ወደ ላይ ሳይቀር ትስባለች። ዝናቡ በነፋስ ሲገፋ ደግሞ ይብሳል። በዚህ መንገድ የገባ ውሃ ሞራሌውን ይዞ ቁልቁል ይሄድና ሞራሌው የሚቆምበት ወይም ኮርኒሱ የሚዘቀዝቅበት ቦታ ላይ ይወርዳል። ከሥር የተቀመጠው ባልዲ የሚነግረን የውሃውን መውጫ እንጂ መግቢያውን አይደለም።

ብረትን ዚንክ እየቀቡ ከዝገት መከላከልን በ1837 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት ያስመዘገበው ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ነው። ይኸው ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1867፣ ከማግኒዥየም የሚሠራ ሲሚንቶ አገኘ። በኮንዶሚኒየሞቻችን ውስጥ ክፍሎችን ለመለያየት በሰፊው የዋለው አግሮስቶን የዚያ ሲሚንቶ ዘር ነው፤ ከአገዳ ገለባና ከመሰል ሙሌት ጋር ተለውሶ በፋይበር ግላስ ይጠናከራል። ይህን የማነሣው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። የማግኒዥየም ሲሚንቶ ዋና ድክመት ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ጥንካሬውን ማጣቱ ነው። ስለዚህ የሻወር ፍሳሽ አግሮስቶን ግድግዳ ሥር ለወራት ሲተኛ ጉዳቱ ቀለም በማበላሸት አይቆምም። ሶሌታ ውስጥ የገባ ውሃም እንዲሁ ነው፤ ፌሮው ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ ከእጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ሲሚንቶውን ከውስጥ ገፍቶ ያፈርጠዋል። ጊዜ ሲያልፍ ጣሪያ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት መሰል ጨው ውሃው በሶሌታው ውስጥ እየተመላለሰ መሆኑን ያሳያል።

የኮንዶሚኒየም ሻወር ቤት በዚህ ጉዳይ ትልቁ ተከሳሽ ነው፤ ሆኖም በስሙ የሚጠረጠሩት ክፍሎች ሁሉ እኩል ጥፋተኛ አይደሉም። ሴራሚኩ ላይ ያለው ነገር በዓይን ስለሚታይ ሰው በመጀመሪያ ነጩን ሲሚንቶ ያድሳል። ወሳኙ ቦታ ግን የወለሉ መውረጃ ሶሌታውን በስቶ የሚያልፍበት ዙሪያ ነው። ፕላስቲክና ሲሚንቶ አንድ ሆነው አይጣበቁም። ቧንቧው ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በዙሪያው ፀጉር የምታክል ክፍተት ትከፈታለች። ሴራሚኩ ሥር የገባው ውሃ ሁሉ ወደዚያች ክፍተት ይሰበሰባል። ከላይ ያለው ወለል ደረቅ ነው፣ ሲፎኑ ደረቅ ነው፣ ከሥር ያለው ቤት ግን ይንጠባጠባል። የላይኛው ነዋሪ «የእኔ ቤት ደረቅ ነው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው።

ታዲያ ፍለጋው ከምን ይጀምራል? ከሰዓት። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ መምጣቱ ለኑሮ ፈተና ነው፤ ለፍሳሽ ፈላጊ ግን ትልቅ ምስክር ነው። ጠብታው ውሃ በመጣበት ቀን ብቻ ከበረታና መስመሩ ሲቋረጥ ከተወ፣ ጥፋቱ ግፊት ያለበት ቧንቧ ላይ ነው። ውሃ ቢጠፋም ቀንና ሌሊት ከቀጠለ ከሮቶው ወይም ከሮቶው የሚወርደው መስመር ላይ ነው። ሰው ከታጠበ በኋላ ከመጣ የወለሉ ወይም የመውረጃው ጉዳይ ነው። ከዝናብ በኋላ ብቻ ከሆነ ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ መስኮት ወይም የውጭ ግድግዳ ነው። ንጋት ላይ ብቻ፣ ያለ ዝናብ፣ ያለ ሻወር የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ፍሳሽ ላይሆን ይችላል፤ ከማብሰያና ከሰው እስትንፋስ የወጣ እንፋሎት ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲያገኝ ወደ ውሃነት ተመልሶ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት የሚፈውሰው የአየር መውጫ እንጂ ካትራሜ አይደለም። አንድ ሰው ቀንና ሰዓቱን ለሁለት ሳምንት ወረቀት ላይ ቢመዘግብ፣ ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ከተጠርጣሪዎቹ አብዛኞቹ ነፃ ይወጣሉ። የጠብታ ትንሽነትም አያታልል፤ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ቢባል፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ያፈሳል።

ቀጥሎ ፈተና ነው። የቧንቧው ፈተና ቀላል ነው፦ ውሃ በመጣበት ሰዓት ሮቶው ሞልቶ ወደ እሱ የሚገባው ውሃ መቆሙ ይረጋገጣል፣ በቤቱ ያሉ ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጋሉ፣ ቆጣሪው ይታያል። ሁሉ ተዘግቶም የሚያልፍ ውሃ ካለ ትንሿ ጠቋሚ ትዞራለች። የሻወር ቤት ወለል ሲፈተን መውረጃው በተጠቀለለ ጨርቅ በደንብ ይደፈናል፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሞላል፣ ደረጃው በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፣ ለ24 ሰዓት ይተዋል። በዚህ ጊዜ ሥር ያለው ቤት ከረጠበ ወለሉ ነው። ካልረጠበ መውረጃው ተከፍቶ ውሃው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ አሁን ከረጠበ መውረጃው ነው። ሁለቱን መለየት ማለት ሙሉ ወለል ከመቆፈርና አንድ ክንድ ያህል ቦታ ከመክፈት መምረጥ ማለት ነው። የጣሪያ ፈተና ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ባትሪ ይዞ ኮርኒስ ውስጥ፣ አንዱ ጎማ ይዞ ውጭ። ውሃው መፍሰስ ያለበት ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ በየመጋጠሚያው ጥቂት ደቂቃ እየቆየ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሲወርድ ሁሉንም መጋጠሚያ ስለሚያረጥብ ማስረጃው ይቀላቀላል። በየቦታው ሳይታገሱ ማፍሰስም ያሳስታል፤ በሞራሌ ላይ የሚንሸራተት ውሃ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ነው። «ለምን ይህን ሁሉ? ጣሪያውን በሙሉ ካትራሜ መቀባት፣ ወለሉን በሙሉ መከላከያ ማልበስ አይቀልም?» የሚል አለ። ሙሉ ሽፋን በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ካትራሜ ግን በቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ሌሊት ይጠነክራል፤ ከላይ ያልኩትን የየቀን መለጠጥ አይችልምና መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ስንጥቁ በጥቁር ሽፋን ሥር ስለሚደበቅ ሁለተኛው ፍለጋ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የገባው ውሃም እንደ ቀድሞው አይደርቅም፤ ሽፋኑ ሥር ተይዞ ቆርቆሮውን ከጀርባ ይበላል። ሆኖም ተቃውሞው ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። የሻወር ቤት ወለል ሲሠራ ከሴራሚኩ ሥር ምንም የውሃ መከላከያ ካልተደረገ፣ የሚፈለግ አንድ ቀዳዳ የለም፤ ወለሉ በሙሉ መነሣት አለበት። ይህንንም ቢሆን ያወቅነው በ24 ሰዓቱ ፈተና ነው። «ድሃ ሰው ለፍተሻ ገንዘብ ከየት ያመጣል?» የሚለውም ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን የፍተሻው ዕቃ ጨርቅ፣ እርሳስ፣ ባልዲና ትዕግሥት ነው። ውድ የሚሆነው ሦስት ጊዜ የተለሰነ ጣሪያ ነው።

በጭቃው ቤት ዘመን ፍሳሽ የአንድ ቤተሰብ ነገር ነበር፤ ባልዲውም ሚስማሩም የራሱ ነው። በኮንዶሚኒየም ግን የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ስለሆነ ፍለጋው የጎረቤት ፈቃድ ይፈልጋል። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ሕንፃውን ለግል ቤቶችና ለጋራ መጠቀሚያ ይለየዋል፤ በጋራ መጠቀሚያው ላይ የሚመጣ ፍሳሽ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ሥራ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ባያስበውም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ልደታ የፍርድ ቤት ሰፈር ናትና ይህን ጥል እስከ ችሎት ማድረስ ቅርብ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱ ጎረቤቶች ፈተናውን አብረው ቢያዩት ይሻላል ባይ ነኝ። «ከአንተ ቤት ነው»፣ «አይደለም» የሚለው ክርክር ማብቂያ የለውም። መውረጃው ተደፍኖ፣ ደረጃው ምልክት ተደርጎበት፣ በማግሥቱ ሁለቱም ከላይም ከታችም ቆመው ሲያዩ ግን ውሃው ራሱ ይመሰክራል፤ የላይኛውም ሰው እንደተከሰሰ ሳይሆን በቤቱ ወለል ውስጥ ምን እንዳለ እንዳወቀ ሆኖ ይሰማዋል።

መጠገኛ ጊዜና መፈለጊያ ጊዜም ይለያያሉ። ክረምት ፍለጋ ነው፤ ዝናቡ ያለ ክፍያ የሚሠራ ፈታኝ ስለሆነ የገባበት ሚስማርና ድርብርብ በቀለም ምልክት ይደረግበታል። ጥገናው ግን መስቀል ካለፈ በኋላ ይሁን፤ ሲሊኮን በእርጥብና በአቧራማ ቆርቆሮ ላይ አይይዝም። አሮጌው ሚስማር ተነቅሎ ወፈር ባለና ደህና ጎማ ባለው ይተካል፤ በሸለቆ የተመታው ቀዳዳ በቁራጭ ቆርቆሮ ከተሸፈነ በኋላ አዲሱ ሚስማር በጀርባው ላይ ይመታል። ከዚያ ያው ፈተና ይደገማል። ሶሌታ ላይ ሲሆን አንድ ነገር ልብ ይባል፦ ውስጡ የጠጣው ውሃ ደርቆ እስኪያልቅ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ጥገናው ተሳክቶም ጠብታው ለጥቂት ቀን ሊቀጥል ይችላል። የእርጥቡ ዳር በእርሳስ ይከበብ፣ ቀኑም ይጻፍበት፤ በየሳምንቱ ክቡ ወደ ውስጥ እየሸሸ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል፤ ከእርሳሱ ወጥቶ ከሄደ ግን ገና ሌላ መግቢያ አለ፤ ቀለም ቀቢውም እስኪደርቅ ይጠብቅ።