ከመርፌ እስከ ጉርሻ

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ምሳ ቤት ገብቶ ወንበር ማግኘት ትግል ነው። የባንኩ ሠራተኛ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ ከተግባረ እድ የወጣው ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይርበዋል። ከነዚህ መካከል ሬጉላር የተባለውን ኢንሱሊን የሚወጋው የስኳር ሕመምተኛ ከሌላው የሚለየው ነገር ከውጭ አይታይም። ሐኪሙ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ተወጋ ብሎታል። ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮው ውስጥ ተወግቶ ሊወጣ ሲል አለቃው ስብሰባ ቢጠራ፣ ወይም ምሳ ቤቱ ሽሮው አልቋልና ጥቂት ታገሥ ቢለው፣ የተወጋው መድኃኒት አይታገሠውም። ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ነገሩ ከባሰም ራሱን ይስታል። ይህን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ሁለተኛ አይደፍርም፤ ምግቡ ፊቱ ሲቀርብ መወጋት ይጀምራል። ያኔ ደግሞ እንጀራው ኢንሱሊኑን ይቀድመዋል። ስኳሩ ከምሳ በኋላ ሽቅብ ይወጣና ኢንሱሊኑ ዘግይቶ ሲደርስ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ቁልቁል ይወርዳል።

ችግሩ የሚመጣው ከራሱ ከሬጉላር ባሕርይ ነው። ብልቃጡ ውስጥ የኢንሱሊን ሞለኪውሎች ስድስት ስድስት ሆነው ተያይዘው ይቀመጣሉ። ቆዳ ሥር ከገቡ በኋላ ተበታትነው ነጠላ ካልሆኑ ወደ ደም መግባት ይቸግራቸዋል። ለመበታተን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ሥራ ለመጀመር 30 ደቂቃ ገደማ፣ ጉልበታቸው ጫፍ ላይ ለመድረስ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ጨርሶ ለመጥፋት እስከ 8 ሰዓት። የመድኃኒት ኩባንያው የኤሊ ሊሊ ተመራማሪዎች በሞለኪውሉ አንድ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ፕሮሊንና ላይሲን የተባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ቦታ ሲያለዋውጡ፣ ስድስቱ እርስ በርስ የሚያያዙበት ኃይል ላላ። በእ.ኤ.አ. 1996 ገበያ ላይ የዋለው ሊስፕሮ፣ በንግድ ስሙ ሂዩማሎግ፣ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። የሌላው ኩባንያ የኖቮ ኖርዲስክ አስፓርት፣ ብዙዎች ኖቮራፒድ በሚለው ስም የሚያውቁት፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተከተለ፤ ግሉሊሲን ከዚያ ቀጠለ። እነዚህ ፈጣን ኢንሱሊኖች ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሥራ ይጀምራሉ፤ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜም ያበቃሉ። ትሪው ሲቀርብ ተወግቶ መብላት ይቻላል። ከነሱም የፈጠኑ፣ እነ ፊያስፕና ሊዩምጄቭ፣ በቅርብ ዓመታት በሀብታም አገሮች ገበያ ውለዋል።

ሠላሳ ዓመት የሞላው ግኝት ነው እንግዲህ። ሆኖም በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት ሕመምተኛው በብዛት የሚያገኘው ዛሬም ሬጉላር፣ ዘግየት ብሎ የሚሠራው ኤንፒኤች እና የሁለቱ ድብልቅ የሆነው 70/30 ነው። ኤንፒኤች ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በቶሮንቶ ሌናርድ ቶምሰን የተባለው የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የተወጋው ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ነበር። የፈጠራ ባለቤቶቹ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር የሸጡት መድኃኒቱ ለሁሉም እንዲዳረስ ብለው ነበር። ያ ሐሳብ የት እንደደረሰ የአሜሪካን ዋጋ ያየ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ 21 ዶላር ይሸጥ የነበረው አንድ ብልቃጥ ሂዩማሎግ በኋላ ከ270 ዶላር በላይ ደርሶ፣ ኤሊ ሊሊ ዋጋውን በ70 በመቶ እንደሚቀንስ ያስታወቀው በመጋቢት 2023፣ ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው።

እውን ግን አዲሱ ያን ያህል ይበልጣል? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መድኃኒት ሻጭም ሆነ ከውጭ የመጣ ዘመድ የሚናገረው ከማስረጃው ሊቀድም ይችላል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች በእ.ኤ.አ. 2016 ባወጡት ግምገማ፣ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ባለባቸው አዋቂዎች ፈጣኖቹ ኢንሱሊኖች የሦስት ወሩን የስኳር ልኬት ከሬጉላር ይልቅ የቀነሱት በ0.15 ነጥብ ብቻ ነው። ለዓይነት ሁለት እ.ኤ.አ. በ2018 የተደረገው ተመሳሳይ ግምገማ ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ለዚህ ብሎ ገንዘብ ማውጣት ምን ይረባል ሊል ይችላል። ነገር ግን ጥናት ውስጥ የገባ ሕመምተኛ ሰዓቱን እንዲያከብር የሚከታተለው ሰው አለው፤ የምሳ ቤት ወረፋ የሚጠብቅ የሜክሲኮ ሠራተኛ የለውም። ሬጉላር በሰዓቱ ሲወጉት ጥሩ መድኃኒት ነው። በሰዓቱ መወጋት ግን የኑሮ ጉዳይ ነው፤ የኑሮን መዛባት ደግሞ የሦስት ወር አማካይ አያሳየውም።

ጾም ይህን ከምንም በላይ ያጎላዋል። ኦርቶዶክሳዊው ምእመን በዓመት ከ180 በላይ ቀናት የሚጾምበት፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ሳይቀምስ የሚውልበት አገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቀላለች፤ ይሁንና ስኳር ያለበት ሁሉ ራሱን ታማሚ ብሎ አይቆጥርም፣ የቆጠረም ቢሆን ከጎረቤት ተለይቶ መብላት ይከብደዋል። ይህ ሰው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ኤንፒኤች ቢወጋ፣ መድኃኒቱ ጉልበቱ የሚበረታው ከአራት ሰዓት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይኸውም ሆዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት። ድብልቁን የሚወጋማ ይባስ ብሎ የሬጉላሩም ድርሻ አብሮ ይሠራበታል። በረመዳን ፈተናው መልኩን ይቀይራል እንጂ አይቀርም፤ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ፣ ማታ ከበድ ያለ ማዕድ። ለዚህ ሕይወት የሚስማማው ሥርዓት ቀኑን ሙሉ ዝግ ብሎ የሚሠራ ኢንሱሊን አንዴ ተወግቶ፣ ለእያንዳንዱ ምግብ ፈጣኑን ለብቻ መወጋት ነው። ያልበላ አይወጋም፤ ዘግይቶ የበላ ዘግይቶ ይወጋል። ዓይነት አንድ ያለበት ሰው ግን የዝግታውን ኢንሱሊን በጾምም ቢሆን ማቆም አይችልም። ኢንሱሊን ጨርሶ ያጣ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምርና ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ይህም በቀናት ውስጥ ይገድላል።

ለውጡ እንግዲህ አንዱን ብልቃጥ በሌላው መተካት ብቻ ተደርጎ ሲታይ ነው አደጋው የሚጀምረው። ከሬጉላር ወደ ፈጣኑ መሸጋገር በራሱ ከባድ አይደለም፤ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በዚያው የዩኒት መጠን ይጀምራሉ። 70/30ን ጠዋትና ማታ ይወጋ የነበረ ሰው ግን በቀን ሁለት መርፌ የነበረው ወደ አራት ይሄድበታል። ቀን ሁለቴ ኤንፒኤች የሚወጋው ቀኑን ሙሉ ዝግ ብሎ ወደሚሠራው ግላርጂን ሲዛወር መጠኑ በ20 በመቶ ገደማ ተቀንሶ መጀመር የተለመደ ነው። ፈጣኑ አጭር ጊዜ ስለሚቆይ ከሥሩ የዝግታው ኢንሱሊን ከሌለ ሌሊቱን ስኳር ሽቅብ ይወጣል። ሬጉላርም፣ አስፓርትም፣ ግላርጂንም እንደ ውሃ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ደመና የሚመስለውን ኤንፒኤች በዓይኑ ለይቶ የለመደ አዛውንት ሁለት ጥርት ያሉ ብልቃጦች አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ አለ። ለእያንዳንዱ ምግብ መጠን የሚወስን ሰው ጣቱን ደጋግሞ ወግቶ ስኳሩን መለካት አለበት። በወር አንዴ ክሊኒክ ሄዶ የሚለካ ሕመምተኛ ኖቮራፒድ ቢያገኝ በጨለማ የሚወረውር ነው የሚሆነው።

ዋጋውስ? ተመራማሪዎቹ ጎታም፣ ባርበርና ሂል በእ.ኤ.አ. 2018 ባሳተሙት ስሌት፣ አምራቾች ተገቢ ትርፍ ይዘው ለአንድ ሕመምተኛ ሂውማን ኢንሱሊንን፣ ማለትም እነ ሬጉላርንና ኤንፒኤችን፣ በዓመት ከ48 እስከ 71 ዶላር፣ አብዛኞቹን አዳዲሶቹን ኢንሱሊኖች ከ78 እስከ 133 ዶላር ሊያቀርቡ ይችላሉ። ልዩነቱ ሰማይና ምድር አይደለም፤ ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። መንግሥት መድኃኒትን ድጎማ ከሚያገኙ ዕቃዎች ውስጥ አስገብቻለሁ ብሎ ነበር፤ የግል ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ግን እያንዳንዱ ጭነት አዲስ ዋጋ ይዞ ይመጣል። ከሜክሲኮ እስከ ጥቁር አንበሳ ባለው መንገድ ወረቀት ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚዞር ሰው ይህን ለማወቅ የባንክ ሪፖርት አያስፈልገውም።

ሌላው መንገድ ሻንጣ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከሚኒሶታ የሚመጣ ዘመድ በበረዶ ከረጢት ጠቅልሎ የኢንሱሊን ፔን ያመጣል። ደግነቱ አያከራክርም፤ ለአንዳንዱ ቤተሰብም ብቸኛ መንገድ ነው። ችግሩ የሚመጣው ፔኑ ሲያልቅ ነው። ሦስት ወር በፈጣኑ ኖሮ ሰውነቱም አመጋገቡም የለመደ ሰው፣ በአራተኛው ወር ወደ ሬጉላር ሲመለስ ያ ግማሽ ሰዓት አብሮ ይመለሳል፤ መጠኑን የሚያስተካክልለት ሐኪም ካላገኘ ደግሞ የወረደ ስኳር ወይም የወጣ ስኳር ይዞት ድንገተኛ ክፍል ይገባል። አዲስ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ ቢኖር፣ ከስድስት ወር በኋላም አገኘዋለሁ ወይ የሚለው ነው። ክትትሉም እንዲሁ መቀጠል አለበት። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳር ሰፈሮች ሄዷል። በእግሩ ዘውዲቱ ሆስፒታል ይደርስ ለነበረ የስኳር ሕመምተኛ፣ መድኃኒት የሚያስለውጠው ክሊኒክ አሁን የታክሲ ሒሳብና የግማሽ ቀን ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኗል።

ኢንሱሊን ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ኢትዮጵያ በቅርቡ አይታለች። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ኢንሱሊን እያለቀባቸው መሆኑን ደጋግመው ለዓለም አሰምተዋል፤ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ከወራት መቋረጥ በኋላ በጥር 2022 መድኃኒት በአውሮፕላን ሲያደርስ ኢንሱሊን ከጭነቱ አንዱ ነበር። ያኔ ፈጣን ነው ዘገምተኛ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የገጠሩ ሕመምተኛ በሰላሙም ጊዜ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ብልቃጡ ውሃ በያዘ እንስራ አጠገብ ወይም በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ እንኳ ደህና ዜና አለ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በኬንያው የዳዳብ መጠለያ ያለውን ዓይነት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚዋዥቅ ሙቀት ኢንሱሊኑ ለአራት ሳምንት ጉልበቱን ሳያጣ ተቋቁሞታል።

የአምራቾቹ ፍላጎት ደግሞ ወዴት እንደሚነፍስ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ይናገራል። በዚያ አገር የመንግሥት ሆስፒታሎች ለአሥር ዓመት ያህል የኖቮ ኖርዲስክን የሂውማን ኢንሱሊን ፔን ሲሰጡ ኖረው፣ በ2024 ኩባንያው ውሉን አላድስም ሲል ሕሙማኑ ወደ ብልቃጥና ሲሪንጅ ተመለሱ። ይኸው ኩባንያ ከደቡብ አፍሪካው አስፐን ጋር በ2023 በተዋዋለው መሠረት ለአፍሪካ የሚመረተው ሂውማን ኢንሱሊን ነው፤ በብልቃጥ። ኤሊ ሊሊ ከግብጹ ኢቫ ፋርማ ጋር በ2022 የገባው ስምምነት አዳዲሶቹንም ያካትታል፤ እስከ 2030 ባለው ጊዜ በዓመት ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ሰው ለማዳረስ ታስቧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እነ ግላርጂንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ ሲታዩ ጥያቄው አዲሱ ኢንሱሊን ወደ አዲስ አበባ ይመጣል አይመጣም መሆኑ ቀርቶ፣ ማን ይቅደም የሚለው ይሆናል።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2021 በኢትዮጵያ 1.9 ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች ስኳር እንዳለባቸው ገምቷል። አብዛኞቹ ዓይነት ሁለት ናቸው፤ ለነሱ ማስረጃው ልዩነት ባላሳየበት ሁኔታ፣ ለፈጣኑ የሚወጣው ዶላር ስትሪፕ ቢገዛበት ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል። ዓይነት አንድ ያለባቸው ሕፃናት ጉዳይ ግን ይለያል። የሦስት ዓመት ልጅ ምን ያህል ጉርሻ እንደሚቀበል እናቱም አታውቅም፤ በሬጉላር ከግማሽ ሰዓት በፊት ወግታ አልበላም ካላት የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋታል። ፈጣኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ከበላ በኋላም፣ የበላው ታይቶ ሊወጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀምሮ ኢትዮጵያንም ባካተተው የኖቮ ኖርዲስክ የሕፃናት ፕሮግራም በነፃ የሚታደለው ግን በዋናነት ሂውማን ኢንሱሊን ነው።