«ኖስኮ» እና «ኖቪ»፤ ማወቅ ስለሚባል አንድ የላቲን ቃል

ዕውቀት በአንድ ቀን የሚገኝ ነገር አለመሆኑን ሰው ሁሉ ይናገራል። የጥንት ሮማውያን ደግሞ ይህንኑ በግሣቸው ርባታ ውስጥ አኑረውት ይገኛል።

በላቲን ቋንቋ «ኖስኮ» ማለት «ማወቅ እጀምራለሁ፥ እተዋወቃለሁ» ማለት ነው፤ መድረሻው «ስኮ» የነገርን መጀመር ያመለክታልና። የዚሁ ግሥ ኀላፊ አንቀጽ «ኖቪ» ይባላል። እንደ ርባታው ሥርዐት ቢሆን ትርጓሜው «ዐወቅሁ» መሆን በተገባው ነበር፤ ነገር ግን ሮማዊ «ኖቪ» ሲል «አሁን ዐውቃለሁ» ማለቱ ነው። የመማሩ ጊዜ ቢያልፍም ዕውቀቱ ከሰውዬው ጋር ይኖራልና። ስለዚህም «ዐውቅ ነበር» ለማለት በፈለጉ ጊዜ ከኀላፊው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሄደው «ኖቬራም» ይላሉ። ቃሉ በጥንት ዘመን በ«ግ» ይጀምር እንደ ነበረ «ኮግኖስኮ» በሚለው ተወላጁ ይታወቃል፤ የግሪኩም «ግኖሲስ» የሥሩ ዘመድ ነው። «ክቡር፥ መኰንን» የሚባልበት «ኖቢሊስ» እንኳ ከዚሁ የተወለደ ሲሆን፥ የመጀመሪያ ትርጓሜው «የታወቀ» ማለት ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን እንደ እንግዳ ነገር ሊያየው አይገባም። እኛም «ገባኝ» ስንል ቃሉ ያለፈ፥ ማስተዋሉ ግን የአሁን ነው። «ራበኝ» የሚልም ሰው የትናንቱን ረኃብ አይናገርም።

የዚህ ልዩነት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ያስተማረኝ የገዛ ስሕተቴ ነው። አንድ ጊዜ በኢጣልያንኛ የተጻፈ የምስክር ቃል ወደ አማርኛ መለስሁ። ኢጣልያንኛ ከላቲኑ «ኮግኖስኮ» በወረሰው ግሥ «ሎ ኮኖሹቶ» ሲል «ተዋወቅሁት» ማለት ነው፤ «ሎ ኮኖሼቮ» ሲል ግን «ዐውቀው ነበር» ማለት ነው። በወረቀቱ የተጻፈው የፊተኛው ሳለ እኔ በችኰላ የኋለኛውን አድርጌ ተረጐምሁት። በዚህም በዚያ ቀን ብቻ የተዋወቁ ሁለት ሰዎች የቈየ ወዳጅነት ያላቸው መሰሉ፤ ምስክሩም አስቀድሞ ከተከሳሹ ጋር ምን ይመክር እንደ ነበረ ተጠየቀ። ሰውዬው ሲደነግጥ ባይ ጽሑፉን እንደ ገና ተመለከትሁ፤ ጥፋቱም የእኔ ሆኖ ስላገኘሁት በዳኛው ፊት ተነሥቼ ቃሉን አረምሁ።

የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፥ ከዚያ ቀን ወዲህ «ዐውቃለሁ» የሚለውን ቃል ከመጻፌ በፊት፥ «ከመቼ ጀምሮ?» ብዬ ሳልጠይቅ ብዕሬን አላነሣም።