ዕፅዋት፣ ፀሐይና የቆዳ ቀለም

በመተማ ቆላ ከጠራራ ፀሐይ የሚውል ገበሬ ፊቱና ክንዱ ለምን እንደሚጠቁር ታውቃላችሁን? በቆዳ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ሜላኒን የተባለውን ቀለም አብዝተው በመሥራት ከጨረር ስለሚከላከሉለት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሲጠፉ በቆዳ ላይ ነጫጭ ቦታዎች ይወጣሉ፤ ይህም ለምጽ ይባላል። ብዙ ሰዎች ከሥጋ ደዌ ጋር ያምታቱታል፤ ለምጽ ግን ከቶ አይተላለፍም።

ጓንግ ከመተማ ወደ ሱዳን ሲዘልቅ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። በታችኛው የዓባይ ሸለቆ፣ በግብፅ፣ አሚ ማጁስ የሚባል ተክል ይበቅላል። የአገሩ ሰዎች ፍሬውን ለለምጽ መድኃኒትነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 የግብፅ ሊቃውንት ፍቱን የሆነውን ቅመም ከፍሬው ለይተው አወጡ፤ በ1948 ደግሞ ሐኪሙ አብደል ሞነም ኤል ሞፍቲ በሕሙማን ላይ ያዩትን ውጤት አሳተሙ።

ይህ ሜቶክሳሌን የተባለ ቅመም ብቻውን ቆዳን አያጠቁርም። አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ግን ከሕዋሱ የዘር ቅንጣት ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ በጠጉር ሥር ተርፈው የቆዩት ቀለም ሠሪ ሕዋሳት ይባዛሉ፤ ወደ ነጩም ቦታ ይዛመታሉ። ስለዚህ ቀለሙ ሲመለስ አስቀድሞ በየጠጉሩ ዙሪያ እንደ ነጠብጣብ ይታያል። ጠጉር በማይበቅልበት በጣት ጫፍ ሕክምናው እምብዛም አይሠምርም።

ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳምም ይህንኑ ቅመም ይዟል። ሆኖም ጭማቂውን ተቀብቶ ፀሐይ የሞቀ ሰው ቆዳው ይቃጠላል፤ ውኃም ይቋጥራል። ሐኪም ቅመሙን መጥኖ፣ ጨረሩንም በመሣሪያ ለክቶ ይሰጣል። ዛሬማ ብዙዎቹ ሐኪሞች ቅመሙን ትተው የተመረጠ የጨረር ዓይነት ብቻ ይጠቀማሉ።