ወርቁ ሲታጠብ

እ.ኤ.አ. በ1985 በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት በጀመረው «ዜታ ጋንዳም» በተሰኘው ተከታታይ የካርቱን ፊልም ውስጥ ከራሱ እስከ እግሩ ወርቃማ የሆነ አንድ ግዙፍ ሮቦት አለ። ህያኩ ሺኪ ይሉታል። በታሪኩ ውስጥ ወርቃማው ቅብ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የጠላትን የጨረር ተኩስ እንዲመክት ተብሎ የተቀባ ነው። ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይህን ሮቦት ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል አድርጎ ሲሸጥ፣ ክፍሎቹ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቁበትን ዓይነትም አወጣ። የዚያን ሣጥን ክዳን ያነሳ ሰው በቅድሚያ የሚያየው የራሱን ፊት ነው፤ በደረቱ፣ በትከሻውና በጭኑ ላይ ተጣሞና ቢጫ ሆኖ።

ችግሩ የሚጀምረው ፒንሳ ሲነሳ ነው። ክፍሎቹ የሚመጡት በአንድ የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዘው ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሲቆረጥ በተቆረጠበት ቦታ ትንሽ ጠባሳ ይቀራል። በተራው ሞዴል ላይ ጠባሳውን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጎ ማጥፋት ይቻላል። እዚህ ግን ማሸት ማለት ወርቁን መግፈፍ ነው። ከጠርሙስ የወጣ ወርቃማ ቀለም ደግሞ ከዚያ መስተዋት አጠገብ ሲቀመጥ ደብዝዞ ያሳፍራል። ታዲያ ጠባሳውን ለማስተካከል የተነሳ ሰው አካባቢውን አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግ ሲያደርግ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ይመጣል፤ ከሥሩ ብቅ የሚለው ግን ፕላስቲኩ አይደለም። ብርማ ነው።

አንድ ክፍል ሙሉውን ጠንከር ባለ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ሲነከር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። መጀመሪያ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። ቆየት ሲል ከክፍሉ ጠርዝ ቀጫጭን ቢጫ ክሮች እየተግተለተሉ ወደ ብርጭቆው ወለል ይወርዳሉ። ሹል ሹል የሆኑት ጠርዞች ቀድመው ይነጣሉ፤ ቅቡ እዚያ ላይ ስስ ነውና። በጎድጓዶቹና በመስመሮቹ ውስጥ ተጠራቅሞ የደረቀው ግን ብርቱካናማ ሆኖ ይከርማል፤ በለስላሳ ብሩሽ ሲነካካ ነው እየተላጠ የሚለቀው። በመጨረሻ አልኮሉ ቀጭን ሻይ መስሎ ይቀራል፤ ክፍሉ ደግሞ ጥርት ያለ የብር መስተዋት ሆኖ ይወጣል። ብልጭታው አልቀነሰም። እንዲያውም ጨምሯል።

ወርቅ ያልነው ነገር ሁለት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፤ ከሥር የሚያንጸባርቅ ብርማ ብረት፣ ከላይ ደግሞ ቢጫ ቀለም የገባበት ግልጽ ቫርኒሽ። ብርሃን ቫርኒሹን አልፎ ይገባል፣ ብረቱ ላይ ይነጥራል፣ ሲመለስም እንደገና በዚያው ቫርኒሽ በኩል ይወጣል። በገባበትም በወጣበትም ሰማያዊው ይዋጣል፤ ዓይናችን ዘንድ የሚደርሰው ቢጫና ቀይ የበዛበት ብርሃን ብቻ ነው። እውነተኛው ወርቅም ቢሆን መልኩን ያገኘው ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ሌላውን ስለሚመልስ ነው። ልዩነቱ ወርቅ ሁለቱንም ሥራ ብቻውን መሥራቱ ነው፤ እዚህ ብልጭታው ለብረቱ፣ ቀለሙ ለቫርኒሹ ተከፋፍሏል። ጎድጓዶቹ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብርቱካናማ የሆኑበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ቫርኒሹ ስለሚወፍር ብርሃኑ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። በዚሁ ዘዴ በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ የሚያብለጨልጩ ክፍሎችም ይሠራሉ፤ ቀለማቸው ሲታጠብ ከሥር የሚገኘው ያው ብርማው ነው።

ብልሃቱ የአሻንጉሊት ፋብሪካ የፈጠረው አይደለም። የስፔን፣ ኋላም የኔዘርላንድስ ቆዳ ሠሪዎች የሀብታም ቤት ግድግዳ የሚለብሰውን ወርቃማ ቆዳ የሚሠሩት ቆዳው ላይ ስስ የብር ቅጠል ለጥፈው ቢጫ ቫርኒሽ በመቀባት ነበር። ዛሬም ቸኮላት የሚጠቀለልበት ወርቃማ ወረቀት ቢጫ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ከቢጫው ሥር የተገኘው ብርማስ ምንድን ነው? ለዚህ የሚረዳን የአሜሪካውያን የመኪና ሞዴል ሠሪዎች የቆየ ልማድ ነው። በሚሺጋን ግዛት በትሮይ ከተማ የነበረው ኤ.ኤም.ቲ.ን የመሰሉ ኩባንያዎች ሞዴሎቻቸውን የሚሸጡት የመኪናው መከላከያና ጌጣጌጥ «ክሮም» ለብሶ እያለ ነበር። ይህ ክሮም ያልተዋጣለት የመሰለው ሰው ክፍሉን በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ብልጭታውም ድራሹ ይጠፋል። ይህች ትንሽ የማድቤት ሙከራ ብዙ ትናገራለች። እውነተኛ ክሮም ቢሆን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። ብር ቢሆን ኖሮ በረኪናው ያጠቁረው ነበር እንጂ ጨርሶ አያሟሟውም። በረኪናን በመሰለ አልካላይ ፈሳሽ ውስጥ እንዲህ የሚሟሟው አሉሚኒየም ነው። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የምድጃ ማጽጃ ሲሆን ደግሞ ሥራው ይፈጥናል፤ ከብረቱ ላይ የሚነሱት ጥቃቅን አረፋዎችም ሃይድሮጅን ናቸው። (አልኮል የነካውን ክፍል በውኃ በደንብ ሳያጥቡ በረኪና ውስጥ መጨመር አደገኛ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሮፎርምን የመሰለ መርዛም ነገር ሊፈጠር ይችላል። መስኮት ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ።)

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ አሉሚኒየሙ እዚያ የደረሰበት መንገድ ነው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ሞዴሉ የተሠራበት ፖሊስታይሪን ግን ገና 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ታዲያ እንዴት ተገናኙ? መልሱ የተገኘው ከአሻንጉሊት ሳይሆን ከሥነ ፈለክ ነው። የትልልቅ ቴሌስኮፖች መስተዋት ድሮ በብር ይቀባ ነበር፤ ብር ግን ቶሎ ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ጆን ስትሮንግ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ጋን ውስጥ አሉሚኒየምን አትንኖ መስተዋት ላይ የሚያሳርፍበትን ዘዴ አሻሻለ። አስቸጋሪው ነገር የቀለጠ አሉሚኒየም የተቀመጠበትን ዕቃ መብላቱ ነበር፤ የተንግስተን ሽቦ ግን ሊሸከመው ቻለ። በ1935 የማውንት ዊልሰን ቴሌስኮፕ ባለ 2.5 ሜትር መስተዋት፣ በ1947 ደግሞ የፓሎማር ቴሌስኮፕ ባለ 5 ሜትር መስተዋት በዚሁ መንገድ አሉሚኒየም ለበሱ።

የሞዴል ክፍሎችም የሚያልፉት በዚሁ ዓይነት ጋን ውስጥ ነው። ከነፍሬማቸው ተሰቅለው ይሽከረከራሉ፤ አየሩ ይመጠጣል፤ የጋለው ሽቦ ላይ ያለው ቁራጭ አሉሚኒየም ይተንና ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ያርፋል። ጊዜው አጭር፣ የሚያርፈውም ብረት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይዞት የሚመጣው ሙቀት ፕላስቲኩን አይጎዳውም። የሚቀረው ንብርብር የአንድ ጸጉር ውፍረት ሺህኛ ያህል ቢሆን ነው። ሰማይን ለማየት የተፈለሰፈው መስተዋትና የልጆች ሮቦት ደረት ላይ ያለው መስተዋት በዘር አንድ ናቸው፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ እነዚህን ክፍሎች አሻንጉሊት ብዬ ለማናናቅ አልደፍርም።

በረኪናው አሉሚኒየሙን ከወሰደ በኋላም ነገሩ አላበቃም። ፕላስቲኩ ደብዛዛ ሆኖ ይገኛል ሲባል አሁንም ያብለጨልጫል፤ በጥፍር ሲፋቅም የሆነ ግልጽ ነገር ይላጣል። ሦስተኛ ንብርብር አለ። ያን ያህል ስስ የሆነ ብረት ጭረት መሸፈን አይችልም፤ ከሥሩ ያለውን ማንኛውንም ሻካራነት አጉልቶ ያሳያል እንጂ። ስለዚህ ፋብሪካው አስቀድሞ ፕላስቲኩን በግልጽ ላከር ይቀባና ልሙጥ ያደርገዋል። ይህን የሥር ቅብ አልኮሉም በረኪናውም ብዙ ጊዜ አይበግሩትም። አሴቶንና ቲነር ሊያሟሙት ይችላሉ፤ ግን ፖሊስታይሪኑን ጭምር ይበሉታል።

የሞዴል ማጣበቂያ እነዚህ ክፍሎች ላይ አልይዝ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ማጣበቂያው የሚሠራው የሁለቱን ክፍሎች ፕላስቲክ ጥቂት አሟሙቶ እርስ በርስ በማዋሐድ ነው፤ ሦስቱ ንብርብሮች በመካከል ከቆሙ ፕላስቲኩን አያገኘውም። የተጣበቀ የመሰለው እጅ የሚለቀው ከላከሩ ጋር ተገንጥሎ ነው። መጋጠሚያው ላይ ብቻ እስከ ፕላስቲኩ ድረስ በስለት መፋቅ ይበቃል።

ቢጫውን ብቻ አጥቦ አሉሚኒየሙን ያተረፈ ሰው ግን አዲስ ዕድል ይከፈትለታል። ራቁቱን የቀረው ብረት የጣት መታሸት እንኳ ስለሚያነሳው በጓንት ይያዛል። የተቆረጠውን ጠባሳ አስቀድሞ ብርማ በሆነ ቀለም መንካት ይቻላል፤ ከዚያ ግልጽ ቀለም በስሱ ሁሉም ላይ ሲነፋ ጠባሳውና መስተዋቱ አንድ መጋረጃ ይለብሳሉ፣ ልዩነታቸውም ይቀንሳል። ታሚያ ከተባለው ኩባንያ ቀለሞች ኤክስ-24 ግልጽ ቢጫ፣ ኤክስ-26 ግልጽ ብርቱካናማ፣ ኤክስ-27 ግልጽ ቀይ ነው። ቢጫው ብቻውን የሎሚ መልክ ይሰጣል፤ ለእኔ ዓይን ብርቱካናማው ጠብ ሲልበት ነው ወርቅ የሚሆነው።

ሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ቫርኒሽ አይቀባም፤ አልኮል የማይነካውም አለ። መሞከሪያው ግን ሣጥኑ ውስጥ ነው። ክፍሎቹን ይዞ የመጣው ፍሬም አብሮ የተቀባ በመሆኑ ሦስቱም ንብርብሮች አሉበት። ከፍሬሙ አንድ ቁራጭ ቆርጦ አልኮል ውስጥ ማሳደር ነው፤ ቢጫው ካለቀቀ ክፍሎቹ ሳይነኩ ይቆያሉ፣ ከለቀቀ ወደ ሥራው ይገባል።